«ልጁን የት ላውለው?»፦ የሐዋሳ ወላጆች ጥያቄና የዜሮ ክፍል ዕጣ

ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በሐዋሳ አጥሮች ላይ የሚወጠሩት ባነሮች ይመሳሰላሉ። «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ፣ የካርቱን ሥዕል፣ «ከነርሰሪ እስከ ኬጂ 3» የሚል መስመር፣ ከግርጌው ሁለት ስልክ ቁጥር። ዋጋ አይጻፍባቸውም። ዋጋው የሚታወቀው ወላጅ ቢሮ ገብቶ ሲቀመጥ ነው፤ ያኔም የሚሰማው አንድ ቁጥር አይደለም። መመዝገቢያው ለብቻ፣ የወሩ ለብቻ፣ ዩኒፎርሙ፣ መጽሐፉና ሰርቪሱ ለየብቻ ይነገሩታል። በባጃጅ፣ በጉልት ወይም በፋብሪካ ደሞዝ የሚተዳደር ቤተሰብ እነዚህን ደምሮ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ውሳኔ አንድ ነው፦ «ገና ትንሽ ነው፤ ለከርሞ ይግባ»።

ስለ መዋዕለ ሕፃናት ዋጋ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ይሄዳል። ጨመሩብን፣ የሚቆጣጠርልን አጣን ይባላል። ቅሬታው እውነት አለው። የሐዋሳን ጥያቄ የሚፈታው ግን የግሉን ዋጋ ማስቀነስ ነው ብዬ አላምንም። በከተማዋ በነፃ የሚገኝ ቦታ አለ። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ያለው፣ ሰው ዜሮ ክፍል ወይም ኦ ክላስ የሚለው ክፍል ነው። ችግሩ ይህ ክፍል ለሕፃን ተፈጥሮም ሆነ ለወላጅ የሥራ ሰዓት ታስቦ አለመደራጀቱ ነው። ገንዘቡም ክርክሩም መዞር ያለበት ወደዚያ ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰበትን መንገድ ባጭሩ ልመልከት። ትናንሽ ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኔታ በዛፍ ጥላ ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንሱን ሲያስነብቡ፣ በመስጊዱም ግቢ ሼኩ ቁርኣን ሲያስቀሩ ከፊት የሚቀመጡት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ዘመናዊው አጸደ ሕፃናት ግን ወደ አገራችን የገባው ለውጭ ሰዎች ልጆች ተብሎ ነው። መነሻው ድሬዳዋ ሲሆን የተከፈተውም በምድር ባቡሩ ላይ ለሚሠሩ ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። በደርግ ዘመን ቀበሌዎች የየራሳቸውን መዋዕለ ሕፃናት ያቋቁሙ ስለነበር፣ ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ብዙ ከተሜዎች የመጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው የቀበሌው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ መዋዕለ ሕፃናትን በወረቀት ላይ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ብሎ ቢያስቀምጠውም፣ የመንግሥት ገንዘብ ወደ አንደኛ ደረጃ ሄደ። ትንንሾቹ ለባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተተዉ። በጊዜው አንደኛ ክፍልን እንኳ ያልረገጡ ሚሊዮኖች ነበሩና ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረጅም ዘመን ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲከታተል፣ ከከተሞቹ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ሲያገኙ ከገጠሮቹ 100 ልጆች ግን 4 እንኳ አላገኙም። የከተማዎቹም ቢሆኑ በአብዛኛው ከፍለው ነው ያገኙት።

ለውጡ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ዜሮ ክፍልም በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድመ አንደኛን ያገኙት ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ወደ 39 ደረሱ። በአራት ዓመት እንዲህ ያለ ዕድገት በየትኛውም አገር በቀላሉ አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ በሥርዓቱ ውስጥ አካተተው። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው ነው የሚያሳስበኝ።

በሐዋሳ ዳርቻ ያለ አንድ ዜሮ ክፍል ውስጥ ጠዋት ገብቶ መቀመጥ ብዙ ያስረዳል። አግዳሚዎቹ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ቁመት የተሠሩ ናቸው፤ የተቀመጡት ሕፃናት እግር መሬት አይነካም። አንዲት ልጅ ጫማዋ ወልቆ ወድቆባታል። ወርዳ እንዳታነሳው አግዳሚው ከፍ ብሎባታል፤ ስለዚህ ባዶ እግሯን እያወዛወዘች ከጓደኞቿ ጋር ትጮኻለች። መምህሯ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ፊደል ትጠቁማለች፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ከቁም ሳጥኑ ላይ ቆርኪ የተሞላ የፕላስቲክ ማሰሮ አለ። ለመቁጠሪያ ተብሎ የተሰበሰበ ነው፤ ብዙ ልጅ ባለበት ቢበተን የሚለቅመው ስለሌለ ግን አይወርድም። መጸዳጃ ቤቱ የስምንተኛ ክፍሎቹም ነው፤ ሩቅና ጨለማ በመሆኑ ትንንሾቹ ይፈሩታል፣ ይታገሳሉ። መምህሯ መጥፎ ሰው አይደለችም። የአንዱን አፍንጫ ትጠርጋለች፣ የሌላውን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ የሁሉንም ስም ታውቃለች። የተሰጣት ክፍል ግን ከአንደኛ ክፍል የተረፈ ክፍል ነው፤ የማስተማሪያ ዘዴውም እንዲሁ። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን የሦስተኛ ክፍል እኅቶችና ወንድሞች በበሩ ይደረደራሉ፤ ትንንሾቹን እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ማንም የለም።

ይህች ሰዓት፣ 5 ሰዓት ተኩል፣ በእኔ እይታ በሐዋሳ የመዋዕለ ሕፃናት ጉዳይ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ትልቋ ናት። ግማሽ ቀን የሚያስተምር ነፃ ክፍል ሙሉ ቀን ለምትሠራ እናት ነፃ አይደለም። ከሰዓቱን የምትሸፍነው ወይ ሥራዋን ትታ፣ ወይ ለሌላ ሰው ከፍላ ነው። ዕድለኛ የምትባለው ልጇን የሚይዝላት አያት ያላት ናት። ሐዋሳ ደግሞ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ከተማ ናት። ከወላይታ፣ ከሀዲያ፣ ከከምባታ፣ ከጉራጌ፣ ከአማራና ከኦሮሞ አካባቢዎች፣ ከሲዳማ ወረዳዎችም ጭምር ሥራ ፍለጋ የመጡ ወጣት ወላጆች የልጆቻቸውን አያቶች ይዘው አልመጡም።

የሐዋሳን የኢንዱስትሪ ፓርክ እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተመርቆ ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ እንደሚፈጥር ታስቦ ነበር፤ የቀጠራቸውም በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ነው። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የጀማሪ የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ አገሪቱ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ተጠቃሚነት በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ታገደች፤ የፓርኩ ዋና ደንበኛ የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ለመውጣት መወሰኑን አስታወቀ። ሥራው ተናጋ፣ ደሞዙም ከኑሮ ውድነቱ ጋር መራመድ አቃተው። ፓርኩ ሲከፈት 18 እና 20 ዓመታቸው የነበሩት ልጆች ግን ዛሬ ሰላሳ ሊሞላቸው ነው። አግብተዋል፣ ወልደዋል። ሲቀጠሩ መኖሪያ ቤት የት ይገኝላቸዋል የሚለው ብዙ አነጋግሮ ነበር፤ ልጅ ሲወልዱስ የሚለው የዚያን ያህል አላነጋገረም።

ሕጉን ስናይ ክፍተቱ ይበልጥ ይጎላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደሞዝ ጋር ይሰጣል። ይህ ቀድሞ ከነበረው የተሻለ ነው። ልጁ አራት ወር ሲሞላው ግን እናት ወደ ሥራ ትመለሳለች፤ ዜሮ ክፍል የሚቀበለው ደግሞ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። በመካከሉ ያሉት ከአራት ዓመት በላይ የሚሆኑ ጊዜያት የማንም አይደሉም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ጥሩ ውጤት ታይቷል። ይህ ዓይነቱ ግዴታ የሚመለከተው ግን የመንግሥት ሠራተኛዋን ነው። የስፌት ማሽን ላይ የምትቀመጠው፣ በአሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው፣ በአቶቴ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው እናት አይመለከታትም።

ታዲያ ሕፃኑ የት ይውላል? ይህን ጥያቄ በሐዋሳ ያለ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ ብዙም አንናገረውም። ከገጠር በመጣች ልጅ እጅ ይውላል። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት፣ በዘመድ በኩል የመጣች፣ «እያስተማርናት ትረዳናለች» ተብሎ የተነገረላት ልጅ ናት። ጠዋት ሕፃኑን ታጥባለች፣ ቀን ታዝለዋለች፣ ማታ እናት ስትመለስ ገና ሊጥ ታቦካለች። የማታ ትምህርት የምትገባ አለች፤ ብዙዎቹ ግን በድካም ከሁለተኛው ወር አያልፉም። የከተማዋ ርካሽ የሕፃን እንክብካቤ የሚከፈለው ከእነዚህ ልጃገረዶች ትምህርት ላይ ተቀንሶ ነው። ቀጣሪዋ እናት ክፉ ሆና አይደለም፤ እርሷም ወርኃዊ ገቢዋ ከቤት ኪራይ አልፎ ሌላ አይችልም። ነገር ግን አንድ ሕፃን እንዲያድግ ሌላ ልጅ ከትምህርት ገበታ መነሳት የለባትም። የቅድመ አንደኛን ጉዳይ ከትምህርት ቢሮ ጠረጴዛ አልፎ የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ የሚያደርገው ለእኔ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ፤ ስሌቱ ራሱ የሚያሳየን ነገር አለ። ለምሳሌ ያህል 30 ልጆች ያሉበት አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት እናስብ። ለመምህሯ በወር 6,000 ብር፣ ለረዳቷ 4,000፣ ለጽዳትና ለጥበቃ 3,000፣ ለቤት ኪራይ 10,000፣ ለውኃ፣ ለመብራትና ለወረቀት 2,000 ብር ይወጣል እንበል። ድምሩ 25,000 ብር ነው፤ ለ30 ሲካፈል ባለቤቱ አንድ ብር ሳያተርፍ፣ ልጁም አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ከ830 ብር በላይ ይሆናል። አሁን ኪራዩን እናውጣው፤ ወደ 500 ብር ይወርዳል። የመምህሯንና የረዳቷን ደሞዝ ከተማው ቢሸፍን ደግሞ 170 ብር እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት ገልብጦ ማየትም ያስፈልጋል። በየሰፈሩ «በ400 ብር እናስተምራለን» የሚለው ቤት ወጪው ከዚህ የተለየ ሆኖ አይደለም። ወይ በአንድ ክፍል 60 ልጅ አጭቋል፣ ወይ ለመምህሯ ግማሹን ይከፍላል፣ ወይም ሁለቱንም ያደርጋል። ስለዚህ ዋጋ ላይ ጣሪያ ማበጀት ብቻውን ሕፃኑን አይጠቅምም፤ ክፍሉን ያጨናንቀዋል፣ መምህሯንም ያባርራታል። ቤት ኪራይና ደሞዝ ከወላጁ ጫንቃ የሚነሱበት ቦታ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ግቢው አለ፣ አጥሩ አለ፣ ውኃው ቢያንስ መስመሩ አለ። በሐዋሳ እንደ ኤስኦኤስ የሕፃናት መንደርና እንደ ኮምቦኒ ያሉ የታወቁ የድርጅትና የሚስዮን ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናት መዋዕለ ሕፃናትም ብዙ ልጆችን ደግፈዋል። ሆኖም ቦታቸው የተወሰነ ነው፤ የከተማውን ሕፃናት ሁሉ ይሸከሙ ማለት አይቻልም።

የሠራተኛ ልጆችን ማዋያ ከትምህርት ለይቶ ማየት የቆየ ስሕተት ነው። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የሞንቴሶሪ ትምህርት የተጀመረው ለሀብታም ልጆች አልነበረም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1907 በሮም ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሰፈር የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ያደሰ ድርጅት፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲሄዱ የሚቀሩት ሕፃናት ግድግዳውንና ደረጃውን ስላበላሹበት የሚጠብቃቸው ሰው ፈለገ። ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ ተጠራች። ለልጆች ቁመት የሚሆን ወንበርና ጠረጴዛ አሠራች፣ በእጃቸው የሚነኩትን ነገር ሰጠቻቸው፣ ቀኑን ሙሉም እዚያው ዋሉ። ማቆያና ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ተገናኙ። ወደ ዘመናችን ስንመጣ ባንግላዴሽ፣ እንደ እኛ ልብስ ሰፍታ ለምዕራቡ የምትሸጠው አገር፣ በሥራ ሕጓ 40 እና ከዚያ በላይ ሴቶችን የቀጠረ ፋብሪካ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆቻቸው ክፍል እንዲያዘጋጅ ታስገድዳለች። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ ወቀሳ አለ፤ ግዴታው ግን ተጽፏል፣ ሠራተኛዋ የምትጠይቅበት አንቀጽ አላት።

ሰዓቱ ቢረዝም እንኳ በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን ይደረጋል የሚለው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ላይ ወላጆችን ጭምር መናገር አለብኝ። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ የምንከፍለው ብዙውን ጊዜ ለእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቀለማትንና ፍራፍሬዎችን በእንግሊዝኛ ሲጠራ፣ ደብተሩ በ«ኤ» እና በ«ቢ» ሲሞላ፣ ማታም የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ ገንዘባችን ሥራ ላይ እንደዋለ ይሰማናል። ትምህርት ቤቶቹ ይህን ያውቃሉ፤ የሚሸጡልንም እኛ የምንጠይቀውን ነው። ዜሮ ክፍሉም በበኩሉ የግሉን እየተመለከተ ይኮርጃል። በጋና የተደረገ አንድ ጥናት ይህን ጉዳይ በሚገርም መልኩ አሳይቷል። በአክራ ዙሪያ በ240 የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በጨዋታ ስለማስተማር የሥራ ላይ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የልጆቹ ዝግጁነት ተሻሻለ። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ግን ከመምህራኑ ሥልጠና ጎን ለወላጆች የግንዛቤ ስብሰባ ተጨመረ፤ እዚያ መሻሻሉ ጠፋ። ወላጆችን በስብሰባ ማሳመን ቀላል እንዳልሆነ፣ የተሳሳተ አቀራረብም መምህሯ የጀመረችውን ሊያፈርስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

እኛ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ልንጨነቅበት የሚገባ የራሳችን መረጃ አለን። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ) የሚማሩ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከ10 ወደ 7 የሚጠጉት ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ተምረው ማለት ነው። ከተመዘኑት ቋንቋዎች ሁሉ የከፋው ውጤት ይህ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ ተሻሽለዋል፣ መምህራንም ሠልጥነዋል። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ያ ውጤት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ታች፣ ወደ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ዜሮ ክፍል መውረድ ያስፈልጋል። ንባብ የሚጀምረው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው፤ ልጁ በሚሰማው ተረት፣ በሚጠየቀው እንቆቅልሽ፣ ከትልቅ ሰው ጋር በሚያወራው ወሬ ይጀምራል። የሐዋሳ ሕፃን ቤቱ ውስጥ ወላይትኛ፣ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ላይ ሲዳሙ አፎ ሊሰማ ይችላል። በዚህ ላይ ገና በሦስት ዓመቱ የእንግሊዝኛ ደብተር መጫን ሀብቱን ጥሎ ብድር እንዲወስድ ማስገደድ ነው። የክፍሉ ቋንቋ አማርኛም ይሁን ሲዳሙ አፎ፣ መምህሯ ልጁን በቤቱ ቋንቋ «ደኅና አደርክ» ብትለው፣ ከጓደኛው ጋርም በቤቱ ቋንቋ ሲጫወት ዝም ብትለው የሚወጣ ወጪ የለም።

የመጫወቻ ዕቃም ቢሆን ከውጭ መምጣት የለበትም። እቃቃ የተጫወተ ልጅ ቤተሰብን፣ ገበያን፣ እንግዳ መቀበልን በራሱ ቋንቋ ይለማመዳል። ሰኞ ማክሰኞ የምትዘል ልጅ ትቆጥራለች፣ ተራ ትጠብቃለች፣ ሚዛኗን ትጠብቃለች። ቆርኪ፣ በቆሎ፣ የሐይቁ ዳር ጭቃ፣ የእንሰት ቅጠል፤ ይህ ሁሉ በሐዋሳ በእጅ ያለ ነው። የሚያስፈልገው ማሰሮውን ከቁም ሳጥኑ ላይ የሚያወርድ ሁለተኛ ሰው ነው። አንዲት መምህር 60 ሕፃን ይዛ ጨዋታ ታስተምር ማለት ግፍ ነው፤ ረዳት ሲኖራት ግን ክፍሉ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ አንዱ ወገን ውጪ ይወጣል፣ መጸዳጃ የሚሄደውንም ልጅ የሚከተለው ይገኛል።

ረዳት የሚሆኑ ሰዎች ከየት ይምጡ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ሐዋሳ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ሠልጣኞቹ የልምምድ ጊዜያቸውን በዜሮ ክፍል ቢያሳልፉ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ከዚህም በላይ በየሰፈሩ አምስትና ስድስት ልጅ በቤታቸው እየተቀበሉ የሚያውሉ እናቶች አሉ። ጎረቤት አምኗቸው ልጁን ይሰጣቸዋል፤ ፈቃድ የላቸውም፣ ሥልጠናም አላገኙም። እነርሱን ማሳደድ ሳይሆን ማሠልጠን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና የሕፃን ምግብ አያያዝ ማስተማር፣ መዝግቦ አልፎ አልፎ መጎብኘት ከአዲስ ሕንፃ ይልቅ ፈጥኖ ውጤት ያመጣል። ብዙ እድሮችም አዳራሽ፣ ወንበር፣ ድስትና ድንኳን አላቸው፤ ኀዘንና ስብሰባ በሌለበት ቀን አዳራሹ ባዶ ነው። የእድሩ ዳኞች ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ልጆቹ የራሳቸው የልጅ ልጆች ናቸውና።

የገንዘቡን ጉዳይ አልሸሽም። አዲስ አበባ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ሕፃናት ምገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ከራሷ በጀት መድባለች፤ የቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራም ጀምራም ማቆያዎችን እየከፈተች ነው። የአዲስ አበባ ገቢ ለሐዋሳ የለም። የሲዳማ ክልል ራሱ በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተ አዲስ ክልል ነው፤ ሐዋሳም መንገድ፣ ውኃና የጎርፍ መውረጃ የሚጠይቃት ብዙ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ መውሰድ የሚገባው መጠኑን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው፦ ምሳ ሲኖር ልጅ ከሰዓት ይቆያል፤ ልጅ ከሰዓት ሲቆይ እናት ትሠራለች። ያለ ምሳ ሰዓቱን ማራዘም የተራበ ሕፃን በአግዳሚ ላይ ማቆየት ነው።

ለሕፃናት ምሳ ማቅረብ ከአካባቢው ባህል ጋርም የሚጣላ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጨምበላላ በደረሰ ቁጥር ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ቤት ቡሪሳሜ የተባለውን የበዓል ምግብ አቅርቦ ያበላቸዋል። የማን ልጅ ነው ተብሎ አይጠየቅም። የሠፈር ሕፃን ማብላት በሲዳማ የቆየ ግዴታ ነው፤ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በየቀኑ እንዲደረግ መጠየቅ ከባህሉ የራቀ ጥያቄ አይሆንም።

ከተማ አስተዳደሩ ሁሉንም በአንድ ዓመት ያድርግ አልልም። ለሐምሌ በጀት ሲዘጋጅ አምስት ትምህርት ቤቶች ይመረጡ፤ ከፊሎቹ የፓርኩ ሠራተኞች በብዛት ከሚከራዩባቸው ሰፈሮች፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ሃዌላ ቱላን ከመሰሉ ገጠር ቀመስ ክፍለ ከተሞች። በእያንዳንዱ ዜሮ ክፍል ረዳት ይቀጠር፣ አግዳሚው በአናጢ እጅ ይጠር፣ ለትንንሾቹ የተለየ መጸዳጃ ይሠራ፣ ምሳ ይቅረብ፣ በሩም እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ይሁን። የፓርኩ ኩባንያዎች ለሠራተኛ ማመላለሻ እንደሚያወጡት ሁሉ ለዚህም ድርሻ ያዋጡ፤ ልጇን ተማምና የተወች ሠራተኛ ከሥራ አትቀርም፣ ይህም ለእነርሱ ትርፍ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሲገመገም ደግሞ ስንት ልጅ ፊደል ለየ ተብሎ ብቻ አይቆጠር። ስንት ልጅ ሳያቋርጥ ዓመቱን ጨረሰ፣ ስንት እናት ሥራዋን ሳትለቅ ቆየች፣ ሕፃን ለመያዝ ከገጠር መጥተው ከነበሩት ልጃገረዶችም ስንቶቹ በዚያው ትምህርት ቤት ተመዝግበው ጠዋት ክፍል ገቡ የሚለውም በሪፖርቱ ውስጥ የራሱ ዓምድ ይኑረው።